የፍራሽ ቤቱ አልበም

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ልጅ፣ ለጌታው፤

ጤናህ ሙሉ፣ ምግብህ በሰዓቱ፣ እንቅልፍህ ያለ ቅዠት፣ አለቃህም ያለ ነገር ይሁንልህ። እኔን የጠየቅክ እንደሆነ፣ ጉልበቴ ደረጃ ጠልቷል፤ ጉሮሮዬ ግን ከእኔ ሃያ ዓመት ያንሳል። ሁለቱ እንዴት አንድ ሰውነት ውስጥ ተቻችለው እንደሚኖሩ ለሐኪሙም አልገባውም።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶኝ አይደለም። ስልክ ላይ ወሬዬን ሳልጨርስ «እሺ እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትለኛለህ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ብትናደድ ትቀደዋለህ እንጂ አታቋርጠውም።

ዜናው ይኸውልህ፤ አዲስ አልበም አወጣሁ። አትደንግጥ፣ ገንዘብ ላክ አላልኩህም። ተቀድቶ፣ አልቆ፣ ሰው ጆሮ ገብቷል። የወጣውም በነፃ ነው። ኢንተርኔት ላይ ቻናል ከፍተን ጫንነው፤ የፈለገ ይሰማዋል፣ የፈለገ ስልኩ ላይ ያወርደዋል፣ የፈለገ ለአማቱ ይልከዋል።

ስቱዲዮ የመከራየት አቅም ስላልነበረን የቀዳነው ፍራሽ ቤት ውስጥ ነው። ከቤቴ ሥር ያለው ፍራሽ ሻጭ እሑድ እሑድ ሱቁን ስለሚዘጋ ቁልፉን ሰጠን። ስፖንጁ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ ከአፍህ ከወጣ ወጣ ነው፣ ተመልሶ አያስቸግርህም። ሳክስፎኒስታችን ሳንባ (ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት፣ ስታማርር) ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ነፋ። ቤዝ ጊታሪስታችን ዝም-አይነቅዝ ግን ቆሞ ነው የተጫወተው፤ ፍራሽ ላይ ከተቀመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከበሮ መቺያችን ከሞተ ወዲህ ከበሮ የለንም። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ከማስቀመጥ ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል ብለን ተውነው።

እንደ ድሯችን ነው የሠራነው። ታውቀን የለ፣ አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገን ተጫውተን አናውቅም። ፍራሽ ሻጩ «ይህኛው ግሩም ነበር፣ እንደዚሁ አድርጋችሁ ድገሙት» ቢለን፣ ሳንባ «ወንድሜ፣ ትናንት የሳልከውን ሳል ዛሬ ድገመው ብትባል ትደግመዋለህ?» አለው።

አንድ ጥፋት አጥፍታችኋል ይሉናል። አልበሙን ሳንቆራርጥ አንድ ወጥ አድርገን ነው የጫንነው። መሐል ላይ ዝም-አይነቅዝ «እዚህ ጋ ሰው ካሴቱን የሚገለብጥበት ጊዜ እንስጠው» አለ፤ ሰጠን። ካሴት የሚባል ነገር እንደቀረ ትዝ ያለን ከተጫነ በኋላ ነው። አሁን አድማጮች «መሐል ላይ ያለው ዝምታ ልብ ይነካል፣ ምን ለማለት ነው?» እያሉ ይጽፉልናል። ሳንባ «ጥልቅ ትርጉም አለው» ብሎ መልሶላቸዋል።

ለምን በነፃ ትለኝ ይሆናል። ጌታው፣ ዕድሜ ልኬን ድምፄን ሌላ ሰው ሲሸጠው ኖሬአለሁ። የመጀመሪያ ካሴቴን የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት የገዛኝ በፍሪጅ ነበር። በአንድ ፍሪጅ፤ ያውም በሩ በማይገጥም። ፍሪጁ በሁለት ዓመቱ ሞተ። ካሴቴን ግን ሰውዬው እስኪሞት ሸጠው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ልጁ ይሸጠዋል። ስለዚህ ሦስታችን ተቀምጠን መከርን፤ ማንም ሊሸጠው የማይችል ነገር እንሥራ አልን። የተሰጠን ነገር ማን ይሰርቀዋል? ሳንባማ «ዕድሜዬን ሁሉ ለገንዘብ ነፋሁ፣ ገንዘቡ አልመጣም። እስቲ ደግሞ ለራሴ ትንፋሽ ልንፋ» ብሎ እጁን አወጣ። ዝም-አይነቅዝም አወጣ።

ከአንተ የምፈልገው ሊንኩን ለምታውቀው ሁሉ እንድትልክልኝ ነው። እዚያ አገር ጥሩ የጉሮሮ ከረሜላ አለ ይባላል፤ ካገኘህ አትርሳኝ።

የምታንኳኳው በር ሁሉ ይከፈትልህ፤ ከፋቹንም የሚያስታውስ ልብ ይስጥህ።

አክስትህ


ኅዳር 2

ለተከበሩ አክስቴ፤

ከምሠራበት ሆቴል ምድር ቤት፣ ከልብስ ንጽሕና ክፍል፣ ከሚያጓሩ ማሽኖች መሐል ሆኜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከደብዳቤዎ በስተቀር ያመመኝ ነገር የለም።

አንብቤው ስጨርስ የምቀመጥበት ፈለግሁ። በነፃ! እዚህ አገር ይህን ቃል በከንቱ የሚጠራ ሰው የለም። ሆቴላችን ለእንግዳው «ነፃ ሻምፑ» ብሎ ያስቀምጣል፤ ሒሳቡ የክፍሉ ኪራይ ውስጥ ተሸጉጧል። ለመሆኑ እኔ ከሰው አንሶላ ላይ ወይን ጠጅ ሳስለቅቅ የምውለው በነፃ ነው? ጉልበትዎን የሚያዩት ሐኪም በነፃ ያያሉ? ፍራሽ ሻጩስ? ቁልፉን ሰጠዎት እንጂ ፍራሽ ሰጠዎት?

ሰው በነፃ ያገኘውን ይረግጠዋል። ይህም ይቅር። ነገ አንድ ወጣት ዘፋኝ ሥራውን ሊሸጥ ሲሄድ «አንጋፋዋ እንኳ በነፃ ሰጥታለች፣ አንተ ማን ነህ?» ይባላል። እርስዎ ለጋስ ተብለው ሲመሰገኑ እሱ ጦሙን ያድራል። ዝም-አይነቅዝስ? በእነዚያ ጣቶቹ የመኪና ማቆሚያ በር ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል ሰው «በነፃ ይሁን» ሲባል ልቡ ምን እንዳለ ጠይቀውታል?

ዝምታ ያሉትንም ሰምቻለሁ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ በሠራተኞቼ ፊት ሦስት ጊዜ በጥፊ መታሁት።

የድሮ ዘፈኖችዎን እንዳስመዘግብ የሰጡኝ ውክልና እንደሚያስታውሱት በእጄ ነው። ለክብርዎ ስል ተገቢውን እርምጃ እወስዳለሁ። የከረሜላውን ጉዳይ እያጣራሁ ነው።

እግዜር ማስተዋሉን ለሁላችንም ያብዛልን።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 21

ለክቡር የልብስ ንጽሕና ክፍል ተቆጣጣሪ፤

ማሽኖችህ እንደ ሕፃን ይተኙልህ፣ እድፉም በመጀመሪያው ውኃ ይልቀቅልህ።

አንቱ አልከኝ። ከሕፃንነትህ ጀምሮ ስትናደድ አንቱ ትለኛለህ። አንዴ ጫማ አልገዛሽልኝም ብለህ ሳምንት ሙሉ አንቱ ስትለኝ ጎረቤታችን «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ አሳደግሽ!» ብላ አመስግናኝ ነበር። አኩራፊ ነው ብዬ እንዳላጋልጥህ ዝም አልኳት።

ስለ ወጣቶቹ ያልከውን ሳላስበው የቀረሁ እንዳይመስልህ። ወጣቱ ሥራውን ይሽጥ፤ ይክበርበት፣ ይመንደግበት፣ ምርቃቴ ይድረሰው። የእኔን መስጠት ሰበብ አድርጎ የሱን ዋጋ የሚቀንስበት ነጋዴ ግን፣ እኔ ባልሰጥም «ዛሬ ደመና ነው» ብሎ ይቀንስበት ነበር። ሰበብ አልቆበት የሚያውቅ ነጋዴ አይተሃል?

ይልቅ ያለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልንገርህ። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ የእኛን አልበም ከፍቷል። አጠገቤ ያለችው ሴት ወደፊት ጎንበስ ብላ «ይቺ ዘፋኝ አልሞተችም እንዴ?» አለችው።

«ብትሞት ኖሮ በነፃ ትለቅልን ነበር?» አላት።

«የሞተ ሰው ነው እኮ ገንዘብ የማይፈልገው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» ብሎ ማሰብ ጀመረ። ሁለቱም ተስማምተው ሊቀብሩኝ ሲሉ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ሾፌሩ ድምፄን ሰምቶ ዞረ፤ አየኝ፤ መኪናውን እመንገዱ መሐል አቆመው። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ እሱ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ይስቃል። ጌታው፣ ሙዚቃ ቤቱ ካሴቴን በገፍ ሲሸጥ በነበረበት ዘመን አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

የፀጉር ቤቷ ባለቤት ጠዋት ስትከፍት በእኔ ነው የምትከፍተው። አንዲት ነርስ ደግሞ «ተረኛ ስሆን ዝምታው ላይ ስደርስ እቀመጣለሁ» ብላ ጽፋልኛለች። ይህ ነው እንግዲህ ያለኝ ሀብት። አልበሙ ክፍት ሆኖ፣ በራሴ ስም፣ ለሁሉም ይሰማ። ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

«ተገቢው እርምጃ» ያልከው ምን እንደሆነ በግልጽ ጻፍልኝ። ውክልና የሰጠሁህ ለአሮጌዎቹ ዘፈኖች ነው፤ የመጨረሻ ልጄን እንድትድርልኝ አይደለም።

አክስትህ፣ በሕይወት ያለችው


ጥር 12

እትዬ የኔ እመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? መልሴ የዘገየው ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው፤ ሥራው ደግሞ የአንቺ ሥራ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ የምሥራች ይዣለሁ!

ከሙዚቃ ቤቱ ወራሽ ጋር ተፈራርመናል። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አባቱ በፍሪጅ ገዝተውሻል። ወራሹ ግን የዘመኑ ሰው ናቸው። በቪዲዮ ስንነጋገር አየሁት፤ ቢሯቸው ውስጥ አረንጓዴ ተክል አለ። ስለ አንቺ ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ውክልናሽ «ሥራዎቿን» ይላል እንጂ አሮጌ አዲስ ብሎ አይለይም፤ ስለዚህ በሕግም የሚያስቸግር ነገር የለም። ነፃው ቻናል ይዘጋል። አልበሙ በክብር ታሽጎ በየዲጂታል ገበያው ይሸጣል። የካሴት መገልበጫዋም ትቆረጣለች።

የሚገኘው ገንዘብ የሦስታችሁ ነው፤ እኔ አንዲት ሳንቲም አልነካም፤ ብነካ እጄ ይድረቅ። ዝም-አይነቅዝን ደውዬ ጠይቄዋለሁ፣ ተስማምቷል። በጣም ነው የተስማማው። ሳንባን ግን አልጠየቅኩትም፤ ያው ይሳደባል።

ያሳደግሽኝ እኔ ነኝ። ሰው ድምፅሽን እንደ ቧንቧ ውኃ ከፍቶ ሲዘጋው ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። አሁን ባለዋጋ ሆነሻል። እንኳን ደስ ያለሽ!

ልጅሽ፣ ጌታው


ጥር 26

ጌታው፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ሰላምታዬም እንዳይሸጥብኝ ፈርቼ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ያንተ የምሥራች ከመድረሱ በፊት ፍራሽ ሻጩ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ቻናላችን ላይ እኔ የነበርኩበት ቦታ ጠቁሯል። «ይህ ሥራ የሌላ ሰው ንብረት በመሆኑ ተነሥቷል። የሰው ንብረት መጫን ብትደግሙ ትታገዳላችሁ» ይላል። የሌላ ሰው! በሰባ ዓመቴ ከገዛ ጉሮሮዬ ስሰርቅ ተያዝኩ። ሳንባ «እጅ ከፍንጅ» አለ፤ ቀጥሎ ስለ አንተ የተናገረውን ግን ፖስታ ቤት አይቀበለውም።

የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል ሲባል እሰማ ነበር። የአክስቱንም እንደሚጨምር አላውቅም ነበር። ሌባ ቢሰርቀኝ ጮኼ ሰፈር እጠራለሁ፤ ዘመድ «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ ሲሰርቀኝ ማንን ልጥራ? «ባለዋጋ ሆነሻል» ትለኛለህ። ዋጋዬን ማን ጠየቀህ? እኔ ገበያ መች ወጣሁና ነው ሻጭ የሆንከኝ?

ዝም-አይነቅዝ ጋ ሄድኩ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ የመኪና ማቆሚያውን አግዳሚ እንጨት ገመድ ይዟል።

«ተስማምተሃል?» አልኩት።

«ተስማምቻለሁ።»

«በነፃ ይውጣ ስንልስ አልተስማማህም?»

«ተስማምቼ ነበር።»

«ለመጣው ሁሉ ነው እንዴ የምትስማማው?»

መኪና መጣ። ገመዱን ሳበ፣ አሳለፈው፣ መልሶ ለቀቀው። «እትዬ፣ ያን ቀን እጃችሁን አውጡ አልሽ። ሳንባ አወጣ። አንቺ ዓይን ዓይኔን አየሽኝ። አንቺ እያየሽው እጁን የማያወጣ ሰው ማን አለ? እኔ ለአንቺ ነው እንጂ ለነፃው አላወጣሁም።»

«ታዲያ አፍ የለህም? አትናገርም?»

«ማን ጠየቀኝ? የወንድምሽ ልጅ ነው የጠየቀኝ። ቤዙን የተጫወተው ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሌላ መኪና መጣ፣ ገመዱን ሳበ። እኔም እንደ መኪናው ወጥቼ ሄድኩ።

ይህን የጻፍኩልህ እንድትፎክርበት አይደለም። በዚህች ነገር እውነት ይዘሃል፤ ቆርጠህ አስቀምጣት። እሱን መጠየቅ ነበረብኝ። እሱን የጠየቀ አፍህ ግን እኔን ለመጠየቅ ምን ያዘው?

እሺ፤ ሸጥከኝ። የተሸጠ ነገር ደግሞ ገበያ ላይ ይገኛል። ፍራሽ ሻጩ ያልከውን ዲጂታል ገበያ ሁሉ አስሶ አጣኝ። የፀጉር ቤቷ ባለቤት ልግዛት ብላ አጣችኝ። ነርሷ «የት ሄዳችሁ?» እያለች ትጽፋለች። የት ነው የምሸጠው? ንገረኝና አንዷን እኔም ልግዛ።

አክስትህ


መጋቢት 1

ለተከበሩ አክስቴ፤

የጤናዎ ነገር ያሳስበኛልና ከብርድ ይጠንቀቁ። እኔ ደህና ነኝ። አንደኛው ማሽናችን ተበላሽቶ ትንሽ ሥራ በዝቶብናል።

ጥያቄዎ ደርሶኛል። ወራሹን ደውዬ ጠይቄአቸዋለሁ፤ «ወቅቱን እየጠበቅን ነው» ብለውኛል። የምን ወቅት ስላቸው «የአልበም ወቅት» አሉኝ። ደግሜ ስደውል ጸሐፊያቸው ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ጸሐፊዋም ስብሰባ ገብታለች።

የጉሮሮ ከረሜላ በሦስት ዓይነት ልኬያለሁ። ካፖርትም ጨምሬበታለሁ። ገንዘብ ቢያስፈልግዎ ይጻፉልኝ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም።

አደራዎን፣ ሙዚቃ ቤቱ ድረስ እንዳይሄዱ። ነገሩን በሥርዓት ይዤዋለሁ።

አክባሪዎ


መጋቢት 19

ጌታው፤

ከረሜላው ደርሶኛል፤ ቢጫው ይሻላል። ካፖርቱም ልክ ነው፤ እሱን ለብሼ ሙዚቃ ቤቱ ሄድኩ።

ሳንባ አብሮኝ ነበር። ወራሹ «እናቴ!» እያለ እስከ በሩ ወጥቶ ተቀበለን። ያልከው ተክል ፕላስቲክ ነው፤ ሳንባ ቅጠሉን በጥሶ አሳየኝ። ግድግዳው ላይ የመጀመሪያው ካሴቴ ሽፋን በመስታወት ተሰቅሏል፤ ሥሩ ደግሞ ፍሪጅ የመሰለ የሰነድ ቁም ሣጥን ቆሟል። በሩ በደንብ ይገጥማል።

«እርስዎ ቅርሳችን ነዎት» አለኝ።

ቅርስ ሲሉኝ ይጨንቀኛል። ቅርስ የሚሉት መስታወት ውስጥ ከተው «አትንኩ» የሚሉትን ነው። «አልበሜ መቼ ነው የሚወጣው?» አልኩት።

«እናቴ፣ እርስዎን መዋሸት ነውር ነው። አይወጣም።»

«ገዝተኸው የለም እንዴ?»

«የገዛነው እንዳይወጣ ነዋ!» አለኝ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን አለስልሶ። «እርስዎ በነፃ ለቀቁ። እርስዎን አይተው ሁለት አንጋፋዎች በነፃ ለቀቁ። ሌላም ሊለቅ ያሰበ አለ። ነፃ እኮ እንደ ጉንፋን ነው፣ ይጋባል። ሁሉም ከሰጠ እኛ ምን እንሸጣለን?»

«ፍሪጅ» አለ ሳንባ።

ጌታው፣ ያን ሰዓት የተናደድኩትን ንዴት በየት በኩል ልጻፍልህ? አባትየው በፍሪጅ ገዛኝ፤ ገዝቶ ግን ሸጠኝ። ሲሸጠኝ ሰው ሰማኝ፣ ሠርግ ላይ ጨፈረብኝ፣ ሲከፋው አለቀሰብኝ። ይህ ግን ገዝቶ ቀበረኝ። በቁሜ፣ ያለ ለቀስተኛ፣ መቃብሩንም አንተ ፈርመህ። ነርሷ የምታርፍባትን ያቺን ዝምታ እንኳ ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎባታል! ድንጋይ ቢገዛ ይገነባበታል። ዘፈን ገዝቶ እንዳይዘፈን የሚቆልፍ ሰው፣ ውኃ ገዝቶ ሰው እንዳይጠጣው ከሚደፋ በምን ይለያል? ይህንን ሁሉ በፊቱ ነገርኩት። እሱም «ሻይ ይምጣ?» አለኝ።

ከዚያ ወጥተን ቀጥታ መኪና ማቆሚያው ሄድን። ዝም-አይነቅዝ ሁሉንም ሰማ። እኔም በዚህ ጊዜ ዓይኑን ሳላይ፣ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ጠየቅኩት። «እንደገና ልንዘፍነው ነው። እዚህ፣ አሁን፣ ለሰማ ሁሉ። አንተስ ምን ትላለህ?»

«ዘፈኑ በነፃ ይሁን፣ ግድ የለኝም። ለቤዙ ግን የሚሰጥ ሰው ካለ እቀበላለሁ» አለ።

እንዲህ ነው የተስማማነው። ከጥበቃ ቤቱ ጊታሩን አወጣ፤ ሣጥኑን ከፍቶ እግሩ ሥር አስቀመጠው። ዘፈኑ ነፃ ነው፣ ቤዙ ግን ደሞዝተኛ። መኪናውን ሊያወጣ የመጣው ሁሉ መኪናውን ረስቶ ቆመ። ስልካችሁን አውጡ፣ የቀዳችሁት የራሳችሁ ነው፣ ለፈለጋችሁት ላኩት አልኳቸው። በማግስቱ ፀጉር ቤቷ በር ላይ ዘፈንን። ከዚያ ነርሷ ያለችበት ሐኪም ቤት ግቢ፣ ከዚያ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ። ኢንተርኔቱ ላይ የተሸጠ ዘፈን እያደነ የሚያነሣው ማሽን የሚያውቀው ፍራሽ ቤት የተቀዳውን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በየቦታው ግጥሙን እየለወጥን፣ ዜማውን እያጎበጥን፣ እንደ ቀኑ ነው የምንዘፍነው። ፍራሽ ሻጩ በየቀኑ ይቆጣጠራል፤ እስካሁን ያነሣን የለም። ወራሹ ጠበቃ ያቁም፤ ጠበቃው ደግሞ እየተከተለን ይቅዳ። እሱም አንዷን በነፃ ያገኛል።

ውክልናህን ሽሬዋለሁ። ለአንተም ዘፈኑ ላይ አንድ ስንኝ ጨምሬበታለሁ። ስምህን አልጠራሁም። ከእኔ ከምትሰማው ከሰው ብትሰማው ይሻላል።

አክስትህ፣ ያልተቀበረችው


ግንቦት 4

ለተከበሩ አክስቴ፤

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ተቃውሞዬን ለማሰማት ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ ላይ ሳለሁ የእንግዳ ሻንጣ የሚሸከመው ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ። የእኛን ቋንቋ አያውቅም። «እስቲ ይቺን አሮጊት ስማት» ብሎ ከፈተው። ድምፅዎን ሰማሁ። ከኋላዎ መኪና ይንጫጫል፣ ሳንባ ይስላል፣ ሰው ያጨበጭባል። ደስ ብሎኝ ለሁሉም «አክስቴ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ስንኙ መጣ፤

የባዕድ አንሶላ አጥቦ አጥቦ ሲለምድ፣
ያክስቱን ጉሮሮ አሰጣው በገመድ።

አክስቴ! በሥራ ቦታዬ! በሠራተኞቼ ፊት! ደግሞ ሕዝቡ እንዴት ነው የሚስቀው? ስም አልጠራሁም ይላሉ፤ ከእኔ ሌላ በባሕር ማዶ አንሶላ የሚያሳጥብ፣ አክስቱ ዘፋኝ የሆነች ሰው ስንት አለ? ያገሬ ሰዎች ስልክ ሲደውሉልኝ ከሰላምታ በፊት «ገመዱ እንዴት ነው?» ማለት ጀምረዋል። ስንኙ በአስቸኳይ እንዲነሣልኝ ልጠይቅ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ወራሹ ጋ ደወልኩ። እኔም የምጮኽበት ሰው አማረኝ። ውሉን አፍርስ አልኩት፤ ሳቀ። «ለመሆኑ የአክስቴን አልበም ሰምተኸዋል?» አልኩት። «አልሰማሁትም» አለኝ። አልሰማሁትም! እትዬ፣ አንዴ እንኳ ሳይሰማው ነው የቆለፈበት! እኔ የገማ አንሶላ እንኳ ሳላገላብጥ ማሽን ውስጥ አልከትም። ጮኽኩበት። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ አፌ ውስጥ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አወረድኩበት፤ የሳንባንም ስድብ ተበደርኩ። ዘጋብኝ። ደግሜ ደወልኩ። ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ነው ስትለኝ፣ እሷኑ «እንግዲያው አንቺ ስሚ» ብዬ መጀመሪያ ያለውን ዘፈን በስልክ ዘፈንኩላት። አልዘጋችውም። ስጨርስ «ሁለተኛውስ?» አለችኝ።

የፍራሽ ቤቱ አልበም ውሉ እስኪያልቅ እሱ ጋ ነው። ጠበቃ ጠየቅኩ፤ ምንም ማድረግ አይቻልም አለኝ። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ለክብርሽ ብዬ። ባሰብኩት ቁጥር እንደ እሳት ይለበልበኛል።

እዚህ የሆነውን ደግሞ ልንገርሽ። ትልልቁ አንሶላ ለሁለት ሆኖ ነው የሚታጠፈው። ጫፍና ጫፍ ይዘው ይራራቃሉ፣ ይወጥሩታል፣ እንደገና ይቀራረባሉ። ከሐሙስ ወዲህ ሠራተኞቼ የሚራራቁትና የሚቀራረቡት በአንቺ ዜማ ነው። ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ቃሉን ሳያውቁት እንደመጣላቸው ይሉታል። ልብስ ተኳሿ ሴትዮ ትናንት ካውያዋን አቁማ አየችኝና «እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ ፊትህ ለምን ይለዋወጣል? ምንድነው የሚለው?» አለችኝ።

«ስለ አንሶላ ነው» አልኳት።

«እሱማ ለእኛ የተሠራ ነዋ!» ብላ አንዱን ጫፍ አቀበለችኝ። ያዝኩት። ወጠርነው፣ ተቀራረብን፣ ዘፈንን። ገመዱ ጋ ስንደርስ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ።

የወንድምሽ ልጅ